ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ፤ ስለ ትናንሽ ጅረቶች ምርመራ ታሪክ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



አባቶቻችን «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ሲሉ ሁለቱን ነገሮች በአንድ ቃል ያሰሯቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድን ነገር እውነት የሚፈልግ ሰው ወሬው ከደረሰበት ሥፍራ ተነሥቶ ወደ መነሻው እንደሚሄድ ሁሉ፣ የአንድን ወንዝ ጠባይ ማወቅ የሚፈልግም ሰው ከወንዙ ግርጌ ተነሥቶ እያንዳንዱን ገባር እየጠየቀ ወደ ምንጩ መውጣት ግዴታው ነው። ዛሬ የምናገረው የዚህን አወጣጥ ታሪክ ነው፤ ይኸውም ሰዎች በመጀመሪያ ታላቁን ወንዝ፣ ቀጥሎ ታላላቆቹን ገባሮች፣ በመጨረሻም አንድ ገበሬ በግማሽ ቀን ዞሮ የሚጨርሰውን ትንሽ ተፋሰስ እንዴት አድርገው መመርመር እንደ ጀመሩ፣ ይህም ምርመራ ለአንድ ሩቅ ወረዳ ምን ሊጠቅም እንደሚችል ነው። ለምሳሌ የመረጥሁት ወረዳ ቡለን ነው።

ቡለን በመተከል ውስጥ ከወንበራና ከድባጤ ጋር የሚዋሰን አገር ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መተከል የጎጃም ጠቅላይ ግዛት አንድ አውራጃ ነበረ፤ ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ግን ርእሰ ከተማው አሶሳ የሆነው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ክፍል ሆኗል። በዚህ ወረዳ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አገው፣ አማራውና ኦሮሞው ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። ጅረቶቹም ሁሉ በየሸለቆው ዞረው በመጨረሻ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። እንደዚህ ባለው አገር የሚኖር ሰው በክረምት የወንዝ ድምፅ እየሰማ ይተኛል፤ በበጋ ግን እንስራ ያዘለች ልጅ ከቀበሌ ቀበሌ ምንጭ ስትፈልግ ትውላለች። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ከዚህ ይልቅ የሚስማማው ሥፍራ አይገኝም።

ተፋሰስ ማለት በላዩ የሚዘንበው ዝናብ ሁሉ ወደ አንድ ወራጅ የሚሰበሰብበት ምድር ማለት ነው። የአንድ ተፋሰስ ውኃ በውስጡ ምን እንደ ያዘ ለማወቅ በመጀመሪያ የምድሩን ድንጋይ ማወቅ ያሻል። የቡለንና የአካባቢው መሠረት በኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት አለቶች ሁሉ እጅግ ከቀደሙት ወገን ነው። ግራናይትና የመሳሰለው ጠንካራ ድንጋይ አለ፤ ለሕንፃ ንጣፍ የሚፈለገው እብነ በረድም አለ። ዝናብ ከሰማይ ሲወርድ የያዘው ነገር ጥቂት ነው፤ ወደ አፈር ሲሰርግ ግን ከሥሮችና ከጥቃቅን ሕያዋን እስትንፋስ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቀብሎ ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህ ደካማ አሲድ በእብነ በረድ በኩል ሲያልፍ ድንጋዩን ቀስ በቀስ እያሟሟ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይወጣል። በግራናይት በኩል ሲያልፍ ግን የሚያገኘው ጥቂት ሶዲየም፣ ጥቂት ፖታሲየምና ሲሊካ ነው። ስለዚህ ሁለት ምንጮች አንዱን ዝናብ ጠጥተው ከአንድ ኮረብታ ግራና ቀኝ ሲፈልቁ ጠባያቸው የወንድማማቾች ሳይሆን የባዕዳን ሊሆን ይችላል።

ይህን ልዩነት የአገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የቤት እመቤት ከአንዱ ምንጭ ያስቀዳችው ውኃ ሳሙና አላረፋ ሲላት፣ ባቄላው አልበስል ሲላት፣ በማንቆርቆሪያዋም ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲጋገርባት፣ ያ ውኃ ከባድ መሆኑን ማንም ሳያስተምራት ትረዳለች። ከብት አርቢውም ጨዋማውን ምንጭ «ሆራ» ብሎ ሰይሞ፣ ወራቱን ጠብቆ መንጋውን ወደዚያ ይነዳል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ የፍልውኃውን ሥፍራ ስለ ወደዱት መሆኑ የታወቀ ነው። የአምቦም ውኃ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1930 በጠርሙስ ታሽጎ መሸጥ ጀመረ። እንግዲህ ውኃን በጣዕሙና በሥራው ለይቶ ማወቅ ከውጭ የመጣብን ጥበብ አይደለም። የጎደለን ነገር ቢኖር ያወቅነውን በቁጥር መጻፍና ለተከታይ ማስተላለፍ ነበረ።

ወደ ዓባይ የመጡት የውጭ አገር ሰዎች በመጀመሪያ የጠየቁት ጥያቄ ሌላ ነበረ። እነርሱ ለማወቅ የፈለጉት ወንዙ ከየት እንደሚመነጭ ነው። ፖርቱጋሎችን ተከትሎ የመጣው እስፓኛዊው ቄስ ጴድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በግሽ የሚገኘውን የዓባይን ምንጭ አዩ። ከእነርሱም በኋላ ዘግይቶ፣ ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን በእግርና በበቅሎ የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ ተመልክቶ፣ ካርታውን አንሥቶ፣ በ1936 መጽሐፉን አሳተመ። ዳንግላ ለመተከል ቅርብ ስለ ሆነች የዚያ አገር ገደልና መሻገሪያ በወረቀት ላይ መታየት የጀመረው በአብዛኛው በእርሱ ድካም ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው ከመንግሥታት ጉዳይ ጋር ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ባደረጉት የወሰን ውል ውስጥ የዓባይና የጣና ውኃ ነገር ገባበት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ወደ ጣና የሚላኩት መሐንዲሶች፣ ማለት በ1902ና በ1903 ዱፑይ፣ በ1920ና በ1921 ግራባምና ብላክ፣ በ1930ና በ1931 የኒውዮርኩ የጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ ሰዎች፣ ሁሉም የጠየቁት «ውኃው ስንት ነው? ወዴትስ ሊገደብ ይችላል?» የሚለውን ነው። መለኪያ እንጨት ተከሉ፤ የጣናን ከፍታ ለኩ፤ የዓባይን ፍሰት ሰፈሩ። ሥራቸው ታላቅ ነበረ። ዳሩ ግን የአንድ ወንዝ ብዛቱ ብቻ ሲታወቅ፣ በውስጡ የሚያጓጕዘው ሳይታወቅ ሲቀር፣ ነገሩ የጆንያውን ክብደት መዝኖ እህሉ ስንዴ ይሁን እንክርዳድ ሳያዩ እንደ መግዛት ይሆናል።

«በውኃው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» የሚለውን ሦስተኛ ጥያቄ ስለ ዓባይ በላቦራቶሪ ከጠየቁት ቀደምት ሰዎች መካከል በካርቱም የጎርዶን መታሰቢያ ኮሌጅ የነበረው የዌልካም የምርምር ቤት ባለሙያዎች ይገኛሉ። የዚያ ቤት የኬሚስትሪ ባለሙያ የነበረው ዊልያም ቢም በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የነጩንና የጥቁሩን ዓባይ ውኃ እየቀዳ መርምሮ ውጤቱን በቤቱ ዘገባ ጻፈ። በ1950ዎቹም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጃክ ታሊንግና ጁልያን ርዞስካ የመሳሰሉት ሊቃውንት በካርቱም ሆነው የሁለቱን ዓባዮች ውኃና በውስጡ የሚኖሩትን ጥቃቅን ሕያዋን አጠኑ። ከዚህም በዓባይ ጠባይ ላይ ብዙ ትምህርት ተገኘ።

ነገር ግን ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። ይህ ሁሉ ምርመራ የተደረገው ከወንዙ ግርጌ ላይ ነው። በካርቱም የሚቀዳው አንድ ጠርሙስ ከጣና፣ ከበሽሎ፣ ከጀማ፣ ከጉደር፣ ከዴዴሳ፣ ከበለስ፣ ስማቸውም በካርታ ካልተጻፈ ከብዙ ሺህ ጅረቶች የተቀላቀለ ነው። በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ይህን በቶሎ ይረዳዋል። የክልሉ ሁሉ ገቢ በአንድ ድምር ተጽፎ ወደ ሚኒስቴር ሲመጣ፣ ድምሩ እውነት ቢሆንም እንኳ ከየትኛው ወረዳ እንደ ጎደለና ከየትኛው እንደ ተረፈ አይናገርም። ጉድለቱን የሚያሳየው የየወረዳው ዝርዝር ነው። የታላቁ ወንዝ ውኃ ድምር ነው፤ የትንሹ ጅረት ውኃ ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩን ለመሰብሰብ በአገራችን የተደረገው የመጀመሪያው ሰፊ ሙከራ በዓባይ ተፋሰስ ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ጋር በመሆን ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ያደረገው ጥናት ነው። ጊዜው ግብፅና ሱዳን ኢትዮጵያን ሳይጨምሩ በኅዳር 1959 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የዓባይን ውኃ የተካፈሉበት ዘመን ነበረ። የጥናቱ ሰዎች በተራራና በቆላ የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎችን አቆሙ፤ ሥነ ምድሩን፣ አፈሩን፣ ፍሰቱንና የእርሻውን ነገር መረመሩ፤ በ1956 ዓ.ም. ዘገባቸውን አቀረቡ። በዓባይ ላይ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና በሱዳን ወሰን አጠገብ አራት ታላላቅ ግድቦች እንዲሠሩ ያመለከተው ይኸው ዘገባ ነው። ይህ ጥናት የአገራችንን የውኃ መዝገብ አያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም ዓላማው ግድብና መስኖ ስለ ነበረ፣ የአንዲት ቀበሌ ምንጭና የአንድ ቤተ ሰብ የጕድጓድ ውኃ ከዓላማው ውጭ መቅረታቸው የማይቀር ነበረ።

የትንሹ ውኃ ነገር ችላ ሲባል ምን እንደሚያስከትል በዚያው ዘመን በሌላ ሥፍራ ታየ። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በወንጂ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሠራተኞችም በእርሻው መንደሮች ሰፍረው ከጕድጓድ የወጣ ውኃ ይጠጡ ነበር። ውኃው ለዓይን ንጹሕ ነው፤ ሽታም ጉድፍም የለበትም። በውስጡ ግን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ የሟሟ ፍሎራይድ ነበረበት። ዓመታት ካለፉ በኋላ በልጆቹ ጥርስ ላይ ቡናማ ጠባሳ ታየ፤ ለረጅም ዘመን በጠጡት ሠራተኞች ላይም አጥንትን የሚያደርቅና አከርካሪን የሚያጎብጥ ሕመም መጣ። ይህን ሕመም መርምረው ለዓለም ካስታወቁት የአገራችን ሐኪሞች አንዱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጕድጓዶች ግን ከዚህ መጠን አልፈው ይገኛሉ። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው ለጎርፍ ብቻ አለመሆኑን ወንጂ አስተማረን።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «የወንጂ ምድር ሌላ፣ የቡለን ምድር ሌላ፤ ምን አገናኛቸው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ድንጋዩ የተለያየ ነው። ግን መልሱም ከጥያቄው ውስጥ ይገኛል። የአንዱ አገር ውኃ በሌላው አገር ውኃ ሊፈረድ ስለማይቻል፣ እያንዳንዱ ተፋሰስ ለራሱ መመርመር አለበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ባሕር ማዶ ተሻግረን የትንሽ ተፋሰስ ምርመራ እንዴት ራሱን የቻለ ጥበብ እንደ ሆነ እንመልከት። በሰሜን አሜሪካ በኒው ሃምፕሻየር አገር ሁባርድ ብሩክ የሚባል በደን የተሸፈነ ሸለቆ አለ። በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ኸርበርት ቦርማን፣ ጂን ላይከንስ፣ ኖይ ጆንሰንና ሮበርት ፒርስ የሚባሉ አራት ሰዎች በዚያ ሸለቆ አንድ ቀላል ነገር አሰቡ። የተፋሰሱ መሠረት ውኃ የማያሳልፍ አለት ከሆነ፣ በዝናብ የሚገባው ሁሉ ወይ ወደ ሰማይ ይተናል፣ ወይ በአንዱ ጅረት አፍ ይወጣል። እንግዲህ የሚገባውን ዝናብና የሚወጣውን ጅረት በየሳምንቱ እየቀዱ ቢመረምሩ፣ ደኑና አፈሩ ምን እንደ ተቀበሉና ምን እንደ ከፈሉ እንደ ገንዘብ ቤት ሒሳብ ገቢና ወጪውን ማመዛዘን ይቻላል።

ሒሳቡ ሲሠራ ሁለት ታላላቅ ነገሮች ተገኙ። አንደኛው፣ በዚያ አገር የሚዘንበው ዝናብ ከሩቅ ከሚመጣ የፋብሪካና የከሰል ጢስ የተነሣ አሲድ የበዛበት መሆኑ ታወቀ፤ ይህም በኋላ ለአሜሪካ የአየር ሕግ መሻሻል ምክንያት ከሆኑት ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ ይቀርበናል። በ1965 መጨረሻ በአንዱ ትንሽ ተፋሰስ ያለውን ዛፍ ሁሉ ቈርጠው እዚያው ተዉት፤ ከዚያም እንዳያቈጠቍጥ አደረጉ። በሚቀጥለው ዓመት በጅረቱ ውስጥ ያለው ናይትሬት ካልተቈረጠው ተፋሰስ 41 እጥፍ፣ በሁለተኛው ዓመት 56 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ካልሲየሙም፣ ማግኒዥየሙም፣ ፖታሲየሙም አብሮ ጨመረ። ደኑ ሲወድቅ የአፈሩ ሀብት በዓይን በማይታይ መንገድ እየሟሟ በውኃ ተጭኖ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ውኃው በዓይን ሲታይ ግን ብዙ አልተለወጠም። በ2001ም የሸለቆውን ገባሮች ሁሉ በየ100 ሜትሩ እየቀዱ ሲመረምሩ፣ የውኃው ጠባይ በጥቂት እርምጃ ውስጥ እንደሚለዋወጥ፣ ወደ ታች ወርዶ ሲቀላቀል ግን ልዩነቱ እንደሚጠፋ ተረጋገጠ።

በአገራችንም የዚህ ዓይነት ሥራ ተጀምሯል። የእርሻ ሚኒስቴር ከስዊስ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1981 ጀምሮ በልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር ትናንሽ ተፋሰሶችን መርጦ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎችን አቋቋመ፤ ሥራውን በመምራት የታወቀው ሊቅ ሃንስ ሁርኒ ነው። በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም በደምበጫ አካባቢ አንጀኒ ከእነዚህ መካከል ናቸው። አንጀኒ በ1984 የተከፈተ፣ ስፋቱ ወደ 113 ሄክታር የሚሆን ተፋሰስ ነው። በዚያ ያሉ መዝጋቢዎች ዝናቡን፣ የጅረቱን ፍሰትና ጎርፉ የሚወስደውን ደለል ለብዙ ዓመት ሳያቋርጡ ጻፉ። ዛሬ ስለ ደጋው አፈር መሸርሸር በእርግጠኝነት የሚነገረው ብዙው ነገር ከእነዚህ ደብተሮች የመጣ ነው። መንግሥት ሲለወጥ፣ ወጪ ሲያጥር፣ በየማለዳው ወደ ጅረቱ ወርዶ ቁጥር የሚጽፈው ሠራተኛ ስሙ በመጽሐፍ ርእስ ላይ አይወጣም፤ ሳይንሱ የቆመው ግን በእርሱ ጫንቃ ነው።

እንግዲህ ወደ መተከል እንመለስ። በዚህ አገር ምድሩ የተለወጠው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎና ከሌላም ሥፍራ ብዙ አሥር ሺህ ሕዝብ ወደ ፓዌ መጥቶ ሰፈረ፤ በኢጣልያ ርዳታም የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ሰፊ ደንም ተመነጠረ። ከጥንት ጀምሮ በዚያ ምድር ይኖር የነበረው ጉሙዝ ከአደን ሥፍራውና ከእርሻው ብዙውን አጣ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የበለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተመርቆ የጣና ውኃ በዋሻ ተሻግሮ ወደ በለስ መውረድ ጀመረ፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ የበለስ ወንዝ የሚያጓጕዘው የራሱን ሸለቆ ውኃ ብቻ አይደለም። በዚያው በመተከል በጉባ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የኅዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ሐይቅም ከኋላው ተዘረጋ። ከቡለን የሚወርደው ጅረት ሁሉ ዛሬ የሚሄደው ወደዚህ ሐይቅ ነው።

በዚህ መካከል ሐዘንም ደረሰ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በበኩጂ በተፈጸመው ጥቃት ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ፤ በመተከል የተፈናቀለውም ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበረ። ስለ ውኃ ስንናገር ይህን ማንሣታችን ያለ ነገሩ አይደለም። ሕዝብ በድንገት ከቀዬው ተነሥቶ በአንድ ሥፍራ ሲሰበሰብ በመጀመሪያ የሚጨነቀው ምንጩና ጕድጓዱ ነው። ለ50 ቤተ ሰብ የነበረው ጕድጓድ ለ500 ሲሆን፣ የመጸዳጃው ሥፍራ ከውኃው ጋር ሲቀራረብ፣ ናይትሬትና የበሽታ ተሕዋስያን ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋሉ። ናይትሬት በአንድ ሊትር ከ50 ሚሊግራም ሲያልፍ በጠርሙስ ለሚያድጉ ሕፃናት ደም አደገኛ ነው። ወርቅ በሚታጠብበትም አገር ባዚቃ የሚጠቀም ሰው ካለ፣ እርሱ የጣለው ነገር ከጅረቱ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣውም ወደ ሰው ይተላለፋል።

ደኑ ከመመንጠሩ በፊት በጅረቶቹ ውስጥ የነበረው ውኃ ዛሬ ተመልሶ ሊቀዳ አይችልም። ያ ገጽ ሳይጻፍ አልፏል። የዛሬው ገጽ ግን ገና በእጃችን ነው፤ ከ30 ዓመት በኋላ የሚነሣው መርማሪም «የጥንቱ» ብሎ የሚፈልገው የዛሬውን ውኃ ነው።

ሥራው ምን ይመስላል? በቡለን አንድ ጅረት እንምረጥ እንበል። በበጋ ወራት፣ ዝናብ ከቆመ በኋላ፣ በጅረቱ የሚወርደው ውኃ ከከርሰ ምድር የሚወጣው ብቻ በሚሆንበት ጊዜ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ከጅረቱ አፍ ተነሥተው ወደ ላይ ይወጣሉ። የአየሩ ጠባይ ሳይለወጥ በአንድ ወይም በሁለት ቀን መጨረስ አለባቸው። ሁለት ገባሮች በሚገናኙበት ሁሉ ከሁለቱም ከመገናኘታቸው በፊት፣ ደግሞም ውኃው በሚገባ ከተቀላቀለ በኋላ ከበታች ይቀዳሉ። ያገኙትን ምንጭና የእጅ ጕድጓድ ሁሉ ይቀዳሉ፤ የጕድጓዱም ውኃ ከአፉ ስንት ሜትር ዝቅ እንዳለ ይለካሉ። ሙቀቱ፣ አሲድነቱና የኤሌክትሪክ አሳላፊነቱ ውኃው ከቦታው ሳይነቃነቅ እዚያው ይለካል፤ ውኃ ከአየር ጋር ሲቈይ ጠባዩን ይለውጣልና። ጠርሙሱ በዚያው ውኃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ ሞልቶ ይከደናል፤ ለብረታ ብረት ምርመራ የሚሆነው ተጣርቶ ጥቂት አሲድ ይጨመርበታል፤ ሁሉም በቀዝቃዛ ሣጥን ይጓዛል። በክረምትም ይኸው ይደገማል፤ የክረምቱ ውኃ የምድሩን ገጽ፣ የበጋው ውኃ የምድሩን ሆድ ይናገራልና።

ፍሰቱም አብሮ መለካት አለበት። ለምሳሌ አንዱ ገባር በሰከንድ 3 ሊትር እየወረደ በሊትር 20 ሚሊግራም ካልሲየም ቢይዝ፣ ሁለተኛው በሰከንድ 1 ሊትር እየወረደ 60 ሚሊግራም ቢይዝ፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ በሰከንድ 4 ሊትር፣ በሊትርም 30 ሚሊግራም መገኘት አለበት። መርማሪው ከበታች ሲለካ 5 ሊትርና 40 ሚሊግራም ካገኘ ግን አልተሳሳተም። በሰከንድ 1 ሊትር የሚሆን፣ በሊትር 80 ሚሊግራም ካልሲየም የያዘ ውኃ በዓይን ሳይታይ ከሥር ገብቷል፤ ምናልባት እብነ በረዱ በዚያ በኩል አለ ማለት ነው። እንዲህ በቀላል ሒሳብ የተሰወረ ምንጭ ይገኛል፤ ጕድጓድ ለመቈፈርም የተሻለ ሥፍራ ይታወቃል።

በላቦራቶሪም ሌላ ሚዛን አለ። በውኃ ውስጥ የሟሙት ጨዎች ግማሾቹ የአዎንታ፣ ግማሾቹ የአሉታ ኤሌክትሪክ ስላላቸው፣ የሁለቱ ድምር እኩል መሆን ይገባዋል። ልዩነቱ ከ5 በመቶ ቢበልጥ፣ ወይ አንድ ነገር ሳይለካ ቀርቷል፣ ወይ ስሕተት ገብቷል፤ የገንዘብ ቤት ሹም ሚዛኑ ያልገጠመ ደብተር እንደማይቀበል ሁሉ የኬሚስትሪ ባለሙያም አይቀበለውም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው መሣሪያው አይደለም። መሣሪያው ይገዛል፤ የፓዌ የግብርና ምርምር ማዕከልና የአሶሳ ዩኒቨርሲቲም በክልሉ ውስጥ አሉ። የሚከብደው በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ድንጋይ አጠገብ ተመልሶ መቅዳትና የተጻፈውን መጠበቅ ነው። ሥፍራው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የቀጂው ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ቁጥርና ቀን እንደሌለው ደብዳቤ ነው፤ ለማንም መልስ ሊሰጥበት አይቻልም። በአገራችን የውኃ ሀብት በአዋጅ ቁጥር 197/1992 የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑ ተደንግጓል። የጋራ ሀብት ደግሞ የንብረት መዝገብ ያስፈልገዋል። ለአንድ ወንበርና ለአንድ መደርደሪያ ቁጥር ለጥፈን በየዓመቱ የምንቈጥር ሰዎች፣ ለምንጮቻችን ቁጥር መስጠት ሊያቅተን አይገባም።

የውኃ ጉዳይ መዝገብ በእጁ የሚያልፍ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ነገር ቢያደርግ ደግ ነው። «ጕድጓዱ ተቈፍሯል፣ ውኃ ወጥቷል፣ ሥራው ተጠናቋል» የሚል ወረቀት ለፊርማ ሲቀርብለት፣ «ውኃው በውስጡ ምን አለው? መቼ ተመረመረ? ከአንድ ዓመት በኋላስ ማን ይመረምረዋል?» ብሎ በኅዳጉ ላይ ይጻፍ። ይህ ጥያቄ ሥራ ማዘግየት ሊመስል ይችላል። በወንጂ መንደሮች ይህ ጥያቄ በጊዜው ተጠይቆና መልስ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ግን ብዙ ሰው ቀና ብሎ ይሄድ ነበር።

ዓባይ ማደሪያ የለውም እየተባለ ሲተረት ኖሯል። አሁን በመተከል ምድር ማደሪያ አግኝቷል። ወደዚያ ማደሪያ የሚገቡት ትናንሽ ጅረቶች፣ በየዳራቸውም የሚኖሩት የቡለን ቤተ ሰቦች፣ ምን እንደሚጠጡ ማወቅ ደግሞ የታላቁ ሥራ ፍጻሜ ነው።